ወደ ሰሜን የሚጠፋ ሞተር

የአባቴ ላንድሮቨር ወደ ደቡብ ሲሄድ ጤነኛ፣ ወደ ሰሜን ሲሄድ በሽተኛ ነበር። አትሳቁ ልጆቼ። ያኔ የሰባት ዓመት ልጅ ብሆንም ያየሁትን አይቻለሁ። ከዲላ ወደ ወናጎ፣ ከወናጎ ወደ ይርጋጨፌ፣ ከዚያም አልፎ እስከ ኮንጋ ያንን ሁሉ ዳገት የቡና ጆንያ ተሸክሞ ሲወጣ አንድ ቀን እንኳ አላስነጠሰውም። እሁድ እሁድ እናቴን ልንጠይቅ ወደ ይርጋዓለም ሐኪም ቤት ስንነሳ ግን፣ ጭጩን አለፍ ብለን አንዲት ትልቅ ዋርካ አጠገብ ስንደርስ ድምፁ ቁርጥ ይላል። ጎማው ብቻ በራሱ ጊዜ ትንሽ ይንከባለልና ይቆማል።

«ጠፋ» ይላል አባቴ።

መብራትም ይጠፋል፣ እሳትም ይጠፋል፣ በግም ይጠፋል፣ ሰውም ይጠፋል። እኔ በዚያ ዕድሜዬ የማውቀው የበጉን ነበር። እናም አንገቴን በመስኮት አውጥቼ ሞተሩ በየት በኩል እንደሄደ እፈልግ ነበር።

አባቴ ጓንጉል ይባላል። ከጎጃም ወጥቶ፣ በመንገድ ሥራ ዞሮ ዞሮ ዲላ ላይ የቀረ ሾፌር ነው። ያን ጊዜ መኪናው የእሱ አልነበረም፤ የአንድ የቡና ነጋዴ ነበር። ኋላ ሰውዬው አርጅቶ ወደ ልጆቹ ሲሄድ ለአባቴ ተወለት፤ አባቴም ለእኔ። ይኸው እስከ ዛሬ ከጓሮዬ፣ ከአቮካዶው ሥር ቆሟል። አረንጓዴ ነበር፤ አሁን ቀለሙ ይህ ነው ለማለት ያስቸግራል።

የልጄ ልጅ ባርኮት እዚሁ ዲላ ዩኒቨርሲቲ ይማራል፤ የሚያድረው እኔ ጋ ነው። ባለፈው ክረምት «እማማ፣ ይህንን ሽማግሌ እኔ ነኝ የማስነሳው» ብሎ እጅጌውን ሰበሰበ። አስነሳውም። ግን ተነስቶ ይጠፋል። አንድ ቀን ከተማውን ሲያዞረው ይውላል፤ በማግስቱ ገና ከበር ሳይወጣ ዝም። ካንዴላዎቹን ቀየረ፤ ለካንዴላው እሳት የሚሰጠውን ቦቢና ቀየረ፤ ካርቡራተሩን አውርዶ አጠበው። ምንም። ጋራዥ ሲወስደው ደግሞ ሐኪም ቤት በር ሲደርስ ጥርሱ እንደሚተወው ሰው ነው፤ ደህና ሆኖ ይገኛል። ባርኮት ተናዶ በቁልፍ መከላከያውን ሲመታው አየሁና ተቆጣሁት። ምክንያቱን አልነገርኩትም። ያንን መኪና የሚቆጣ ሰው አይቼ ስለማውቅ ነው፤ እኔው ነበርኩ።

እናቴ ድንቅነሽ ከፋሲካ በኋላ ታመመች። አባቴ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ከፊት ወንበር ሲያስቀምጣት፣ እኔ የመኪናውን በር ይዤ አልለቅም ብዬ ነበር። «ፀጉርሽን ሳልሠራልሽ ነው የምሄደው፤ ስመለስ እሠራሻለሁ፤ ማንም እንዳይነካው» አለችኝ። ከዚያ በኋላ አባቴ ለሥራም ሲሄድ ለጥየቃም ሲሄድ ብቻውን ነበር። አንድ ቀን ግንቦት ውስጥ እኔንም ጫነኝና ወደ ደቡብ ወሰደኝ። ኮንጋ፣ አቶ ገመቹ የሚባሉ ቡና የሚያቀርቡለት ሰው ቤት አስቀመጠኝ። «ጥቂት ቀን» አለ።

ያ ጥቂት ቀን ከሁለት ሳምንት አለፈ። ልዋሽ አልችልም፤ ደስ ይል ነበር። ቤቱ እንሰት ውስጥ ተደብቋል፤ ዝናቡ በሰፊው ቅጠል ላይ ሲወርድ ሰው በሩቅ የሚያጨበጭብ ይመስላል። የአቶ ገመቹ ሚስት ቆጮውን በጎመን እያጎረሰችኝ እኔን የምታየኝ አስተያየት ብቻ ነበር የማይገባኝ። አቶ ገመቹ አማርኛቸው ወንዱንና ሴቱን አይለይም። በየማታው አባባ መቼ ይመጣል ብዬ እጠይቃቸዋለሁ። እሳቸውም ራሴን እየደባበሱ፣

«ነገ ትመጣለች፤ ልጄ። ነገ ትመጣለች» ይሉኛል።

ትመጣለች። እኔ የሰማሁት ይህንን ነው። አባቴ ይዟት ሊመጣ ነው፤ ለዚያ ነው የቆየው አልኩ። በየቀኑ ቁልቁለቱ ላይ ካለው የመኪና መንገድ ዳር ቁጭ ብዬ የእናቴን ነጭ ነጠላ በመኪናው መስታወት ውስጥ እጠብቅ ነበር። መኪናው የመጣ ቀን ከፊት ወንበር ማንም አልነበረም። አባቴ ጺሙን አሳድጓል። ጺሙን የምትላጨው እናቴ ስለነበረች፣ እሷ ከሌለች ማን ይላጨው አልኩና ነገሩን በዚሁ ዘጋሁት።

ዲላ ስንመለስ ግቢያችን ውስጥ አራት ጉድጓዶች ነበሩ። ክንዴን እስከ ክርኔ የሚውጡ ጠባብ ጉድጓዶች። ሣሩ መሐል ለመሐል በብዙ እግር ተረግጦ ጭቃ ሆኗል። አጥሩን ተደግፈው ቁጥር የተጻፈባቸው ረጃጅም አግዳሚ ወንበሮች ቆመዋል። ሰርግ ነበር እንዴ? እኔን ሳይጠሩኝ ሰርግ በላችሁ ብዬ አኮረፍኩ። ጉድጓዶቹን ግን ወደድኳቸው፤ ጠጠር እየሞላሁ፣ እየደፋሁ እጫወትባቸው ነበር። ድንኳን ምን ዓይነት ጉድጓድ ትቶ እንደሚነሳ ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ፣ የሌላ ሰው ሐዘን ላይ ቆሜ ነው።

የክርስትና እናቴ እትዬ ገነት ጥቁር ለብሳ መጣችና ራሴን ላጨችኝ። ቅማል ነው አለችኝ። እንደዚያ ቀን አልቅሼ አላውቅም፤ እናቴ መጥታ የምትሠራው ፀጉር አልተረፈኝማ። እሷም እየላጨችኝ ታለቅስ ነበር። እኔ ስላለቀስኩ አሳዝኛት መሰለኝ። የሰፈሩ ልጆችም እንግዳ ነገር ጀመሩ፤ ሰኞ ማክሰኞ ስንጫወት ሆን ብለው ይሸነፉልኛል። መቼም የሚሸነፍላችሁ ሰው አጋጥሟችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ፤ ከብቻ መጫወት የባሰ ነው።

አባቴን በየቀኑ እማዬ ጋ መቼ ነው የምንሄደው እለዋለሁ። የተመለስኩ በሦስተኛው ቀን ይሁን በአራተኛው፣ ከእናትና አባቴ መኝታ ቤት ግድግዳ ላይ ክቧ ጥቁር የመብራት ማጥፊያ ተነቅላ አገኘሁ። በቦታዋ ሁለት ሽቦ እንደ በግ ቀንድ ወጥቷል። ማጥፊያዋ ላይ እናቴ በጨለማ እንድታገኛት የነጭ ቀለም ነጥብ አድርጋባት ስለነበር ወዲያው ነው የጎደለችብኝ። የት ሄደች ብለው፣

«ተቃጠለች» አለኝ አባቴ። እሱ ከዚያ ወዲህ ሳሎን አግዳሚው ላይ ነበር የሚተኛው። መብራት ስለሌለ ነው ብዬ ተቀበልኩ።

በዚያው ሳምንት እሁድ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሰሜን ሄድን።

ነጩን ቀሚሴን ለበስኩ። ለእናቴ ሙዝ ይዣለሁ። አባቴ ዝም ብሎ ይነዳል፤ እኔ ስለ ኮንጋ፣ ስለ ጉድጓዶቹ፣ ስለ ፀጉሬ ለእናቴ የምነግራትን እየለማመድኩ ነው። ዋርካዋ ታየች። የአባቴ ግራ እጅ ከመሪው ወርዶ በበሩ በኩል ከመቀመጫው ሥር ገባ፤ እግሩን ያሳከከው መሰለኝ። ሞተሩ ጠፋ። አባቴ ወርዶ ኮፈኑን ከፈተ። ካንዴላ ነቅሎ እፍ አለበት፤ በመሐረብ ጠረገው፤ መለሰው። ከኮፈኑ ጀርባ ሆኖ ፊቱ አይታየኝም፤ እጁ ብቻ ነው የሚታየኝ፤ ያንኑ አንዱን ካንዴላ ደጋግሞ ይጠርገዋል። ከዚያ ገብቶ ቁልፉን ሲያዞር ሞተሩ ተነሳ።

እሰይ ብዬ አጨበጨብኩ። እሱ ግን ራሱን ነቀነቀ። እንዲህ ያለ መኪና አይታመንም፣ ጫካ መሐል ይጥለናል፣ ሳምንት አሠርተነው እንመጣለን አለና እዚያው ዋርካዋ ሥር መሪውን ጠምዝዞ ወደ ዲላ አዞረው። ሙዙን መንገድ ላይ በላሁት። አንዱን ላጥ አድርጌ ለአባቴ ብሰጠው አልጎርስ አለኝ።

በሁለተኛውም እሁድ እንዲሁ። በሦስተኛውም። ዋርካዋ ላይ አንዳች ነገር አለ አልኩ። ሰይጣን ይሆናል፤ ሐኪም ቤት የሚሄድ ሰው የሚጠላ ሰይጣን። በአራተኛው እሁድ ዛፏ ጋ ስንደርስ ዓይኔን ጨፍኜ አባታችን ሆይ አልኩ፤ ጠፋ። ባርኮትን በቀደም እዚያ ድረስ ውሰደኝ ብዬው ነበር። ዋርካዋ የለችም፤ ቦታው ግን አለ። ወረድ ብሎ ዙሪያውን ቃኘና፣ ድሮ መንገዱ ጠባብ በነበረ ጊዜ እዚህ አካባቢ መኪና ማዞር የሚቻለው እዚህች ጋ ብቻ ይሆናል አለኝ። እንደ ቀላል ነገር ነው የተናገረው። እኔ ከመኪናው ሳልወርድ መልሰኝ አልኩት።

መኪናው ይታከም ብዬ አስጨነቅሁት። እምቢ ማለት ሲያቅተው ጥበቡ ጋራዥ ወሰደው። ጥበቡ ያን ጊዜ ጎረምሳ ነው፤ ሳቂታ፣ እጁ ሁልጊዜ ጥቁር፣ ጥርሱ ነጭ። እኔ ዕቃ መያዣ ሣጥኑ ላይ ተቀምጬ ምርመራውን እከታተላለሁ። ጥበቡ እኔን እንደ ባለመኪና ነው የሚያናግረኝ። ሲሞቅ ነው የሚጠፋው ሲበርደው? ዳገት ላይ ነው ሜዳ? እሁድ ብቻ ስለው ቁልፉን አስቀምጦ አባቴን አየው፣ ከዚያ እኔን።

«ታዲያ ምን ይደረግ፣ እመቤቴ፤ ሰንበት የሚያከብር መኪና ነው» አለኝ።

እኔ አልሳቅሁም። ኮፈኑ ውስጥ ሁለቱ ጎንበስ ብለው በለሆሳስ ሲነጋገሩ ስለ ሞተሩ መስሎኝ ጆሮዬን ቀሰርኩ።

«ጋሼ፣ ነገር ወግ አለው» ይላል ጥበቡ። «ሰው ሰብስበው፣ በጠዋት…»

«ሽቦ ነው የያዝከው» አለው አባቴ። «ሽቦህን ያዝ።»

ጥበቡ ሽቦውን ያዘ። ወግ የሚባል የሞተር ዕቃ እንዳለ፣ የእኛ መኪና ላይ የጎደለውም እሱ እንደሆነ ያን ቀን ተረዳሁ። ደግሞም ብዙ አልተሳሳትኩም።

ነሐሴ ገባ፤ ፍልሰታ ሆነ። እትዬ ገነት ጸበል ትወርድ ነበርና ለእማዬ አምጪልኝ አልኳት። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቆየች። ከዚያ ዕለት በኋላ በሁለተኛው ቀን በአንድ ጠርሙስ፣ አፉን በጨርቅ ወትፋ አመጣችልኝ። ለሕፃን እንዴት እምቢ ትበል? ምን ብላስ? ዛሬ በእሷ ዕድሜ ሆኜ ሳስበው፣ ያንን ጠርሙስ ይዛ ከቤተ ክርስቲያን እስከ ቤታችን የመጣችበት መንገድ እንዴት ረዝሞባት ይሆን እላለሁ።

ጠርሙሱን አልጋዬ ሥር አኖርኩት። አሁን ችግሩ ማድረሱ ነው። ጸበሉ እናቴን የሚያድናት ከደረሰ ነው፤ የሚያደርሰው መኪናው ነው፤ መኪናው ታሟል። ታዲያ መጀመሪያ መዳን ያለበት ማነው? የሰባት ዓመት ልጅ ብትሆኑም ይህን ያህል ሒሳብ አይጠፋችሁም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አባቴ ሲያንቀላፋ፣ ወንበር ተሸክሜ ሄጄ በመኪናው ቀኝ ጎን ያለውን የቤንዚን መክደኛ ከፈትኩ። በስመ አብ አልኩ። ትንሽ ለእናቴ ላስተርፍ አስቤ ነበር። መኪናው ትልቅ ስለሆነ ግን፣ እንዳያንሰው ሙሉውን ጨመርኩለት። ዱቅ ዱቅ ዱቅ ብሎ ገባ። ባዶውን ጠርሙስ ከአራቱ ጉድጓዶች አንዱ ውስጥ ቀበርኩት።

በማግስቱ ዶፍ ስለነበር አልሄድንም። ሰኞ አባቴ ከእኔ ጋር ወደ ኮንጋ ተነሳ። ወደ ደቡብ፣ ሰላም ወደሆነው ወገን። የወናጎን ዳገት ጀምረን አጋማሹ ላይ ሞተሩ ሳል ሳል አለው፤ ተንገጫገጨና ጠፋ።

የአባቴ ግራ እጅ ቶሎ ከመቀመጫው ሥር ገባ፤ ዳሰሰ፤ ወጣ። ባዶ እጁን እንደማያውቀው ዕቃ አየው።

«እኔ አይደለሁም» አለ።

ለእኔ አልነበረም የተናገረው። ለማንም አልነበረም። ቁልፉን ቢያዞር አልነሳ አለ። ትንሽ ቆይቶ ተነሳ፤ መቶ እርምጃ ሄዶ ጠፋ። በዳገቱ ይጠፋል፣ በሜዳው ይነሳል። አባቴ ዝናብ ላይ ወርዶ ኮፈኑን ከፈተ፤ ሁሉንም ካንዴላ ነቀለ፣ ሁሉንም ሽቦ ነካካ። እኔ መስኮቱን በትንፋሼ አደብዝዤ ውስጥ ተቀምጬ፣ ጸበል መጀመሪያ ያስጮኻል ከዚያ ነው የሚያድን ብዬ እጠብቃለሁ። እትዬ ገነት እንደዚያ ነበር የነገረችኝ።

በሰው መኪና ተጎትተን ጥበቡ ጋ ደረስን። ጥበቡ መጀመሪያ በፈገግታ ነበር የተቀበለን፤ የአባቴን ፊት ሲያይ ፈገግታውን ሰበሰበ። ከቤንዚን መሳቢያው ሥር ቆሻሻ የሚጠራቀምባት የመስታወት ኩባያ አለች። ፈታትና ወደ ብርሃን አነሳት። ከላይ ቀላ ያለው ቤንዚን፣ ከሥሩ ደግሞ ጥርት ያለ ነገር፣ አንዱ ከሌላው ሳይቀላቀል ተኝቷል።

«ውሃ ነው» አለ።

አባቴ ነዳጅ የሚሸጥልንን ሰውዬ ስም ጠራ። ቤንዚኑን በውሃ እያበዛ ሊገድለን ነው አለና ኮቱን አነሳ። በሕይወቴ ሲቆጣ ያየሁት ያኔ ነው፤ ብዙ ቀን ያጠራቀመው ቁጣ የሚያርፍበት ሰው ያገኘ ይመስል ነበር። በሩ ጋ ደርሶ ነበር። ሰውዬውን አውቀዋለሁ፤ ከረሜላ ይሰጠኛል።

«ውሃ አይደለም» አልኩ። «ጸበል ነው።»

ሁለቱም ዞሩ።

«የማን ጸበል?» አለ አባቴ።

«የእማዬ። መኪናው ካልዳነ አይደርሳትም ብዬ ነው።»

አባቴ ከቆመበት ጎማ ላይ ቁጭ አለ። ኮቱ መሬት ወደቀ። አልመታኝም፣ አልተቆጣኝም፤ ብቻ አየኝ፤ ከዚያ ተነስቶ ከጋራዡ ጀርባ ሄደ። የቤንዚኑ ሽታ አጥወልውሎት መሰለኝ። ጥበቡ አጠገቤ ቁጢጥ ብሎ በክርኑ ነካ አደረገኝ፤ በእጁ እንዳያቆሽሸኝ ነው። ታንኩን በሙሉ ወደ ባልዲ አወረደው። ከዚያ ባልዲውን ይዞ ቆመና ተቸገረ። ጸበል እግር የሚረግጠው ቦታ አይደፋም፤ የጋራዥ መሬት ደግሞ ምን የማይረግጠው አለ? ቆይቶ ከሥር የተኛውን በቀጭን ላስቲክ እየሳበ ለየና፣ ከአጥሩ ማዶ ሰው የማይደርስበት እንሰት ሥር ወስዶ አፈሰሰው። እንሰቱ በወሩ ደረቀ።

ከዚያ በኋላ አባቴ እስኪሞት መኪናው መንገድ ላይ ጠፍቶ አያውቅም። ይኸው ነው ልጆቼ፤ ጸበሉ ሠራ። ዓይኔ አይቷል። ግን ወደ ሰሜንም ሄደን አናውቅም። አባቴ፣ እናትሽ ለጸበል ወደ ጎጃም ዘመዶቿ ጋ ሄዳለች፣ ሩቅ ነው፣ መኪና አይደርስም አለኝ። ጺሙንም ተላጨ። ማን እንደላጨው አልጠየቅሁም።

መቼ እንዳወቅሁ ብትጠይቁኝ ቀኑን አላውቀውም። አንድ ልጅ ተጣልቶኝ አንድ ቃል ጣለ። አንድ ቀን ቅዳሴ ላይ የእናቴ ስም ከሙታን ጋር ሲጠራ ሰማሁ። እንደ ጤዛ ነው፤ ሲወርድ አይታይም፣ በኋላ እግራችሁ ርሶ ታገኙታላችሁ። አሥር ዓመቴ ላይ አውቅ ነበር። የማውቀው ግን የራሴን ነው፦ እናቴ ጎጃም ሄዳ ሞተች፤ የሞተችው ጸበሏን ለመኪና ስለሰጠሁባት ነው። መኪናው ዳነ፣ እሷ ሞተች። ከሁለት አንዱ መዳን ነበረበት፤ መራጯ እኔ ነበርኩ።

ይህንን ለማንም አልተናገርኩም። ተዳርኩ፣ ወለድኩ፣ ባሌን ቀበርኩ፣ አልተናገርኩም። ከአባቴ ጋር በዚያ መኪና ጎን ለጎን ተቀምጠን ስንት መንገድ ሄደናል! እሱ የሚያውቀውን ይዞ፣ እኔ የማውቀውን ይዤ፣ መሐላችን ማርሹ ብቻ። ሊሞት ሰሞን እጄን ይዞ «ያ መኪና…» አለኝ። እኔም በደሌን ሊያነሳብኝ መስሎኝ ፈርቼ፣ ተወው አባባ፣ ደክሞሃል አልኩት። ተወው።

አሁን ባለፈው ወር፣ ባርኮት መቀመጫውን አንስቶ በሆዱ ተኝቶ ሲጎረጉር ጠራኝ። ከቦቢናው የሚነሳ አንድ ሽቦ አግኝቷል፤ ፋብሪካ ያልሠራው፣ ሰው በኋላ የጨመረው። ሽቦው በወለሉ ሥር ዞሮ በሾፌሩ በር በኩል ከመቀመጫው ሥር ያበቃል። መጨረሻው ላይ አንዲት ማጥፊያ አለች፤ ዝጋለች፤ መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር ትለቃለች። እኛን ስታስቸግረን የከረመችው እሷ ናት።

«ማን ነው ግን የቤት ማጥፊያ መኪና ላይ የሚገጥም?» እያለ ሳቀና መዳፌ ላይ አስቀመጣት።

ጥቁር። ክብ። በጥፍሬ ቆሻሻዋን ፋቅ አደረግሁት። ነጭ ነጥብ።

ግድግዳው ላይ የነበሩት ሁለት ሽቦዎች ታዩኝ። ከኮንጋ የተመለስኩበት ሳምንት ነበር። ገና አንድም እሁድ ሳንሄድ።

ጋሽ ጥበቡ ሰማንያን ተሻግሯል። ጋራዡን ለልጆቹ ትቶ፣ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ መንገደኛ ይመርቃል። ማጥፊያዋን ከመሐረቤ ፈትቼ ጉልበቱ ላይ ባስቀምጥለት አላነሳትም። ብዙ ጊዜ አያት።

«ይቺን ታውቃታለህ?» አልኩት።

«እኔ ነኝ የገጠምኳት። ለሌባ ነው ብሎኝ ነበር። የሰኔ ሚካኤል ሰሞን ነው።»

ኋላ እሁድ እሁድ የሚጠፋ መኪና ሲመጣለት ገባው፤ አባቴንም ተጣላው። አባቴ ምን እንዳለውም ነገረኝ። «አልወስድሽም ካልኳት እኔን ትጠላኛለች። መኪናው እምቢ ካለ መኪናውን ነው የምትጠላው። እስክችል ድረስ መኪናውን ትጥላው።» ታዲያ እኔ የጸበሉን ነገር የተናገርኩ ቀን፣ ከጋራዡ ጀርባ ሄዶ ግንባሩን ግድግዳው ላይ አድርጎ፣ ይህቺን ልጅ ከዚህ ወዲያ በመኪና አላታልላትም ብሎ ማለ። ግን ማጥፊያዋን ተወ እንጂ መናገሩን አልቻለም።

እኔ ሌላ ነገር ነበር የምፈልገው። ሃምሳ አራት ዓመት አንደበቴ ላይ የተጋገረውን አወጣሁት።

«ጋሽ ጥበቡ፣ ጸበሉን ለእሷ ባደርስላት ኖሮ…»

አላስጨረሰኝም።

«ማጥፊያዋ መቼ ተገጠመች አልኩሽ?»

«ሰኔ።»

«ጸበሉን ያፈሰስሽውስ?»

«ፍልሰታ ነበር። ነሐሴ።»

«ቁጠሪው እንግዲህ» አለኝ።

ቆጠርኩት። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ስንት አለው? ልጅም ይቆጥረዋል። አራቱ ጉድጓዶች፣ አግዳሚዎቹ፣ ጥቁሩ ልብስ፣ የተላጨው ራሴ፣ ሁሉም ከጠርሙሱ በፊት ነበሩ። ያፈሰስኩት ጸበል የሚደርሳት ሰው አልነበረም። የቀረውን ልጠይቀው አፌን ስከፍት ጋሽ ጥበቡ እጁን አነሳ።

«የቀረውን በቀትር፣ መንገድ ዳር አልነግርሽም» አለኝ። «ነገር ወግ አለው።»

በማግስቱ ገና ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ከፈትኩ። ጋሽ ጥበቡ ጋቢውን ደርቦ፣ ከዘራውን ይዞ፣ ከኋላው ከእድራችን ሁለት ሽማግሌዎች አስከትሎ ቆሟል። ባርኔጣውን አውልቋል። በዚህ ሰዓት፣ በዚህ አቋቋም ሽማግሌ በር ላይ ሲቆም ለምን እንደሆነ እኛ አገር የማያውቅ የለም። አንደኛው ደገፉኝና ደጃፌ ላይ አስቀመጡኝ።

«ጽጌማርያም ጓንጉል» አለ ጋሽ ጥበቡ። «እናትሽ ድንቅነሽ አርፋለች። እግዚአብሔር ያጽናሽ።»

የማውቀውን ነው የነገረኝ። ሃምሳ አራት ዓመት የማውቀውን። ግን ነግሮኝ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ከሆዴ የወጣው ድምፅ የእኔ አልመሰለኝም፤ የሕፃን ነበር። ራሴን ያዝኩ፤ ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው፣ ቀስ በቀስ ጎረቤቱም እየመጣ፣ ማንም ለምን አሁን ሳይል አብሮኝ አለቀሰ።

ባርኮት ከእንቅልፉ ባንኖ በባዶ እግሩ ሮጦ ወጣ። ሰዉን አየ፣ እኔን አየ። አጠገቤ ተንበረከከ።

«እማማ፣ ማነው የሞተው?»

«እናቴ ናት፣ ልጄ» አልኩት። «ገና አሁን ተረዳሁ።»